ሌላኛው ዐይኔ የት አለ?

አንድ ጓደኛችሁ እንዲህ የሚል መልእክት ላከላችሁ እንበል፦ «ዓርብ ማታ የሥዕል ምሽት አለ። ሸራው፣ ቀለሙና ብሩሹ ተዘጋጅቷል፤ መሣል የማይችል ሰው የሚያስተምር ሠዓሊ አለ። ከሥዕሉ ጋር አራት ዓይነት ውስኪ በየተራ ይቀመሳል። የማይጠጣ ሰው አምቦ ውሃ ወይም ለስላሳ ያገኛል። ኑ!» ምን ትመልሳላችሁ?

ከመካከላችሁ አንዳንዱ መልእክቱን አንብቦ ሳይጨርስ «እኔ እንዲህ ያለ ቦታ አልሄድም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምን ክፋት አለው? እኔ የምሄደው ለሥዕሉ ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች ፈጥነው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ሳናስብ ከአፋችን ይወጣሉ። እኔ ሁለተኛውን መልስ ሰጥቼ ሄድሁ። ብርጭቆ አልነካሁም። ሆኖም በዚያ ምሽት በደልሁ። የበደልሁት እናንተ በምትገምቱት በኩል ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

አስቀድሜ ይህ ዓይነቱ ምሽት ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ። እየጠጡ መሣል እንደ ንግድ የተስፋፋው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ነው። በሉዊዚያና የካትሪና ማዕበል ብዙ ቤት ካፈረሰ በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለት ሴቶች ሐዘን የሰበረው ሰው ተሰብስቦ የሚሥልበትን ቤት ከፈቱ፤ ወይኑንም ሰው ራሱ ይዞ ይመጣ ነበር። ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ ተዳርሶ አዲስ አበባም ገባ። ዛሬ በሆቴሎች፣ በካፌዎችና በሥዕል ማሳያ ቤቶች እንዲህ ያለ ምሽት ማግኘት አያስቸግርም። የሚመጡትም ሰካራሞች አይደሉም፤ የባንክ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ የልደት ቀን የሚያከብሩ እኅትማማቾች፣ ከሥራ በኋላ ወደ ቤት መግባት የከበዳቸው ሰዎች ናቸው።

እኔ የተወለድሁት በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። ይህን ለወንጌላውያን ወጣቶች ስናገር ሁልጊዜ ሳቅ ይነሣል። «ከየትኛው ማኅበረ ምእመናን?» ብለው ይጠይቁኛል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ የከተማችን ስም ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። ከጉና ተራራ ወዲህ፣ ገብስና ዳጉሳ የሚዘራበት አገር ነው። በየመንደሩ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ የተሰቀለበት በር ታያላችሁ፤ እዚያ ቤት የሚሸጥ ጠላ ወይም አረቄ አለ ማለት ነው። የእኛም ቤት በር ላይ ጣሳ ነበር።

እናቴ አረቄ ታወጣ ነበር። ብቅሉን ታበቅላለች፣ ታደርቃለች፣ ታስፈጫለች። ጌሾውን ትወቅጣለች። ጥንስሱ ሲብላላ የዳጉሳውን ቂጣ ትጨምርበታለች። ድፍድፉ ሲደርስ በማሰሮ አድርጋ እሳት ላይ ትጥዳለች፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ አፉን በጭቃ ትመርጋለች። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲገባ ጠብ ጠብ እያለ አረቄ ይሆናል። እንደገና ሲወጣ «ዳግም» ይባላል፤ እርሱ የከረረ ነው። እኔ ማታ ማታ የማጠናው በዚያ እሳት ብርሃን ነበር። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ዩኒቨርሲቲ የሄድሁበት የአውቶቡስ ትኬትም የተገዛው በመለኪያ ተለክቶ ከተሸጠው አረቄ ነው።

አሁን ወደ ዓርቡ ምሽት ልመልሳችሁ። የቅምሻው አስተማሪ ወጣት ነበር፤ ሥራውን ያውቃል። ውስኪ ከገብስ ብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ እንደሚሠራ፣ በመዳብ ጋን ብዙውን ጊዜ ሁለቴ እንደሚወጣ፣ አዲስ ሲወጣ ውሃ የመሰለ እንደ ሆነ፣ ቀለሙንም የሚያገኘው ኦክ ከሚባል እንጨት ከተሠራ በርሜል እንደ ሆነ አስረዳን። ቢያንስ 3 ዓመት በበርሜል ያልተቀመጠ መጠጥ «ስኮች ውስኪ» ተብሎ መሸጥ እንደማይችል፣ የአልኮሉም መጠን ከ40 በመቶ ማነስ እንደሌለበት ነገረን። ሰዉ በአድናቆት ይሰማል። እኔ ግን በልቤ «ይህማ የእማዬ ዳግም ነው፤ በርሜል ተጨመረበት እንጂ» እል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ መሐንዲስ ነበሩ። የምሽቱ ሥራ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው መሣል ስለ ነበር እርስ በርሳችን ተዋወቅን።

«ከየት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ።»

«አውቀዋለሁ! ለመንገድ ሥራ ሰንብቻለሁ በዚያ በኩል። ጥሩ አረቄ ያወጣሉ አይደል? እስቲ ንገረኝ፣ ይህ የምንቀምሰው ከዚያ በምን ይለያል?»

«አላውቅም ጋሼ» አልሁ። «እኛ ቤት አረቄ አይታወቅም።»

ወዳጆቼ፣ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ የካደው ሰይፍ መዘውበት አልነበረም። አንዲት ገረድ ጠየቀችው፤ እርሱም አፈረ። እኔንም ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። ንጹሕ ሆኜ ለመታየት ብዬ፣ ያሳደገችኝን እናት በአንድ ዐረፍተ ነገር ከቤቴ አስወጣኋት። በእጄ የያዝሁት አምቦ ውሃ ነበር። በዚያች ደቂቃ ከዚያ ክፍል ሰው ሁሉ የባሰ የዋሸሁት እኔ ነበርሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ጨዋ ሆኜ የታየሁትም እኔ ነበርሁ።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ትእዛዙን እየጠበቁ እውነቱን ማጣት ይቻላልን? እጅን ከብርጭቆ መከልከል ብቻውን ንጽሕና ነውን?

ለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ለዚያ ምሽት የሚገባውን ክርክር ልስጠው። ስንቃወም የደካማውን ክርክር ሳይሆን የጠንካራውን መቃወም አለብንና። የምሽቱ ጠንካራ ክርክር «መሣልና መቅመስ ሁለቱም ማስተዋልን ያስተምራሉ» የሚል ነው። የቡና ቀማሾቻችንን አስቡ፤ በማንኪያ ይስባሉ፣ ጣዕሙን ይለያሉ፣ ከዚያ ይተፉታል። የሚፈልጉት ቡናውን ማወቅ እንጂ መጠጣት አይደለም። ሠዓሊም እንዲሁ ነው። ፊታችሁ ያለውን አፍንጫ ለመሣል ስትሞክሩ አፍንጫ እስከ ዛሬ አይታችሁ እንደማታውቁ ይገባችኋል። በጥድፊያ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልክን አስቀምጦ የአንድን ሰው ፊት መመልከት ትንሽ ነገር አይደለም። እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሲያሠራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በጥበብ እንደ ሞላው በዘጸአት 31 እናነባለን። ስለዚህ የእጅ ጥበብን «ዓለማዊ» ብሎ መተው የመጽሐፉ ሐሳብ አይደለም።

ሌላም የቆየ ክርክር አለ። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ በእርጅናው «ሕግጋት» የተባለውን መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ውስጥ የሚናገሩት አንድ ሽማግሌ የመጠጥ ግብዣን ይደግፋሉ። ምክንያታቸው የሚገርም ነው፦ ድፍረት የሚፈተነው በሚያስፈራ ነገር ውስጥ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ራስን መግዛትም የሚፈተነው በሚያስደስት ነገር ውስጥ ነው ይላሉ። ነገር ግን ሁለት ልጓም ያስገቡበታል። አንደኛ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ከቶ አይቀምስም፤ እስከ 30 ያለውም በልክ ብቻ። ሁለተኛ፣ የግብዣው መሪ የማይጠጣ፣ ንቁ ሰው መሆን አለበት። እንግዲህ የመጠጥን ግብዣ የሚያመሰግኑት ሽማግሌ እንኳ ያለ ጠባቂ አላመኑትም።

እኛም አገር ሕግ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና አያሰጋም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል፤ የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር የመደበው ገና በ1988 እ.ኤ.አ. ነበር። እነዚህን የምጠቅሰው በእምነት ጉዳይ ብቻ እየተከራከርን እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው።

የእኔ ዋና ጥያቄ ግን ከጤናም ይለያል። የምሽቱ አስተናጋጆች «አንድ ብርጭቆ እጅ ያፈታል፤ ፍርሃት ያስወግዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ያስወግዳል። ባዶ ሸራ ፊት የተቀመጠ ሰው ይፈራል፤ «ሰው ይስቅብኛል» ይላል። መጠጡ ያን የሚፈራውን ክፍል ያስተኛዋል። ችግሩ ያ የሚፈራው ክፍል ከሚያስተውለው ክፍል ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛቱ ነው። አንዱን አስተኝቶ ሌላውን መቀስቀስ አይቻልም። ይህን በዓይኔ አየሁ፦ በመጀመሪያው ብርጭቆ ጊዜ ሰዉ ፊት ይመለከት ነበር፤ በአራተኛው ጊዜ ሸራውን እንኳ የሚመለከት ጥቂት ነበር። ሳቁ ጨመረ፤ ማየቱ ግን ቀነሰ። ከብርጭቆ የተበደራችሁት ድፍረት ብርጭቆው ሲያልቅ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓርብም እንደገና ትበደራላችሁ። ያለ ብድር፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ ጠማማ መስመር የሠመረ ሰው ግን ያች መስመር የራሱ ናት።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጽሑፌ ጥሩ ስብከት ይሆን ነበር፤ እናንተም «አልኋችሁ አይደል!» ብላችሁ ታጥፉት ነበር። ነገር ግን እኔ አንዲትም ጠብታ ሳልቀምስ ዐይኔ ታውሮ ነበር።

የጥንት የአገራችን ሠዓልያን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሥሉ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዐይኖች ይሥሉታል። ክፉውን ግን በጎን አዙረው በአንድ ዐይን ይሥሉታል። ይሁዳ፣ የሰቃዮቹ ጭፍሮች፣ ሰይጣንም ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይን ብቻ ነው የሚታያቸው። ልጆች ሆነን ይህን ማንም ሳያስተምረን እናውቅ ነበር፤ ሥዕል ስናይ በዐይን ቆጠራ ደጉንና ክፉውን እንለይ ነበር።

በዚያ ምሽት እኚያን ሽማግሌ በጎን ሣልኋቸው። ወደ አስተማሪው ዞር ሲሉ ጠብቄ፣ ብርጭቆው ከአፋቸው አጠገብ እንዳለ፣ በአንድ ዐይን ሣልኋቸው። ለራሴ «በጎን መሣል ይቀላል» ብዬ ነበር። ውሸት ነው፤ ምን እያደረግሁ እንደ ነበር አውቃለሁ። እየፈረድሁባቸው ነበር።

ሲያልቅ ሸራዎቹ ግድግዳ ሥር ተደረደሩ። ሽማግሌው የእኔን ሥዕል ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ሳቁና «ሌላኛው ዐይኔ የት አለ?» አሉኝ። ቀጥለው የራሳቸውን አሳዩኝ። እርሳቸው እኔን ፊት ለፊት ሥለውኛል። እጃቸው የሠለጠነ አልነበረም፤ ጆሮዬ አንዱ ከአንዱ ይበልጣል። ዐይኖቼ ግን ሁለት ነበሩ፤ ትልልቅ ነበሩ። የመጨረሻው ብርጭቆአቸውም እንደ ተቀዳ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር።

ስንለያይ እንዲህ አሉኝ፦ «ውስኪውስ ቤቴም አለ። የመጣሁት ዓርብ ማታ የሰው ፊት ማየት ፈልጌ ነው።»

ፈሪሳዊውና ቀራጩ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡበትን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በሉቃስ 18 ነው። ፈሪሳዊው የዘረዘረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጾሟል፣ አሥራቱንም ሰጥቷል። ጥፋቱ ጾሙ ሳይሆን ጾሙ ላይ ቆሞ ወደ ቀራጩ ማየቱ ነበር። እኔም አለመጠጣቴን አልጸጸትበትም። የምጸጸተው አለመጠጣቴን ሰገነት አድርጌ በላዩ ላይ መቆሜን ነው።

በቀጣዩ በዓል ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድሁ። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። «አረቄ በቤታችን አይታወቅም አልሁ እማዬ» ስላት ዝም አለች። ምጣዱን አሰሰች፤ ቡናዋን ቀዳች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አሁን ትቼዋለሁ፤ ማፈርህ ብርቅ አይደለም። እኔም አፍርበታለሁ። ግን ልጄ፣ አንተ ያፈርህበትና እኔ የማፍርበት አንድ አይደለም። አንተ ሰው እንዳይንቅህ ነው ያፈርኸው። እኔ የማፍረው በእገሌ ነው።» የአንድ ጎረቤታችንን ስም ጠራች። «ልጆቹ ሳይበሉ እንዳደሩ የማውቀውን ስንቱን ሰው ሁለተኛውን መለኪያ ከልክዬ ወደ ቤቱ ሰድጃለሁ። ብሩ ሳያስፈልገኝ ቀርቶ አይደለም። እርሱን ግን አልከለከልሁትም፤ የአንተ የትምህርት ቤት መዋጮ የሚከፈልበት ሳምንት ነበርና። እየጠጣ ከረመ፤ እየጠጣ ሞተ። እኔ የማፍረው በዚያ ነው።»

ፕላቶን ያላነበበች እናቴ ከፕላቶ ንቁ ጠባቂ የበለጠ ነገር ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ሰው ሲጠጣ እያየች ራሷ ሳትጠጣ ቁጭ ትል ነበር፤ መቼ መከልከል እንዳለባት ታውቃለች፤ ያልከለከለችበትንም ቀን አልረሳችውም። ጳውሎስ በሮሜ 14 የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ የምንበላውና የምንጠጣው ነገር የሚመዘነው በእኛ መብት ብቻ ሳይሆን በአጠገባችን ባለው ወንድም ላይ በሚያደርሰው ነው። እናቴ ይህን የተማረችው ከአንድ ጎረቤት ሬሳ ነው።

እንግዲህ «እንሂድ ወይስ አንሂድ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ወደዚያ ምሽት አልመለስም፤ እናንተንም «ሂዱ» አልላችሁም። ምክንያቴ ግን ብርጭቆ መፍራት አይደለም። እዚያ ሥዕሉ ለመጠጡ ጨዋ ልብስ ሆኖለታል፤ መጠጡም ለሥዕሉ ገበያ ሆኖለታል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉ። ደግሞም በዚያ ክፍል ውስጥ ከመጠጥ ጋር የሚታገል አንድ ሰው ቢኖር የእኔ መቀመጥ ለእርሱ «እነርሱም እዚህ አሉ» የሚል ፈቃድ ይሆንበታል። ማን እንደ ሆነ ስለማላውቅ ልጠነቀቅለት አልችልም።

ሆኖም «አልሄድም» የሚል መልስ ብቻውን ዕዳችንን አይከፍልም። ያ ሽማግሌ የሰው ፊት ፈልገው ነበር፤ ያገኙትም መግቢያ ከፍለው ነው። እኛ ዓርብ ማታ የት ነበርን? ለመሣል የሚጓጓው ወጣት ብሩሽና ሸራ የሚያገኘው ከብርጭቆ አጠገብ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የብርጭቆው ብቻ ነውን? አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ያስፈለገው የሚሠራ እጅና የሚያይ ዐይን ነበር። ዛሬም ከዚያ የበለጠ አያስፈልግም። እርሳስ ርካሽ ነው፤ ወረቀትም ይገኛል።

ከበዓሉ መልስ ለሽማግሌው ደወልሁ። እናቴ አረቄ ታወጣ እንደ ነበር፣ እኔም እንደ ዋሸኋቸው ነገርኋቸው። «ገብቶኝ ነበር» አሉኝ። «ስለ በርሜሉ ሲነገር የሳቅኸው አንተ ብቻ ነበርህ።» አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ሆነን እኔ ቤት እንሥላለን። ቡና ይፈላል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እርሳቸውም ይመጣሉ። ያንን የድሮ ሥዕል ላርመው ሞክሬ ነበር፤ በጎን የተሣለ ፊት ላይ ግን ሁለተኛ ዐይን አይጨመርም። ከባዶ ወረቀት መጀመር ነበረብኝ፤ ገና አላለቀም።

እናንተስ ወዳጆቼ? ቀጥሎ የሚመጣላችሁን ግብዣ እንቢ ስትሉ፣ እንቢ ያላችሁት ነገሩን ነው ወይስ ሰዉን? እሺ ስትሉስ፣ «ለሥዕሉ ነው» ያላችሁት እውነት ነው? በልባችሁ ግድግዳ ላይ በአንድ ዐይን ሥላችሁ ያስቀመጣችሁት ሰው ማን ነው? እስከ ቅዳሜ አስቡበትና ደውሉለት።